ያልተገደበ ዳታዎ ሲወደድ፦ ከመክፈልዎም ከመተውዎም በፊት

የጥቅል ዋጋ መጨመሩን የሚገልጽ አጭር መልእክት ሲደርስ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ እየተበሳጨ ይከፍላል፣ ወይ በንዴት አቋርጦ ያገኘውን ሌላ ጥቅል ይገዛል። ንዴቱ ተገቢ ነው። ገደብ የለውም ተብሎ የተሸጠ ነገር እየተወደደና እየጠበበ ሲሄድ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከኩባንያው ጋር መደራደርም ሆነ ጥሎ መሄድ የሚያዋጣው የራሱን ፍጆታ በጊጋባይት ለሚያውቅ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ጭማሪው የት ላይ እንደሆነ ይለዩ። ዋጋው ባለበት ሆኖ የጥቅሉ ዕድሜ ከ30 ቀን ወደ 28 ቀን ሊያጥር ይችላል። ያኔ የቀኑ ዋጋ በ7 በመቶ ገደማ ጨምሯል፤ በዓመት 12 ጊዜ ይከፍሉ የነበረውም 13 ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ ጥቅል ሲያወዳድሩ ዋጋውን ለቀኑ ብዛት ያካፍሉ። ሌላው ስውር ጭማሪ የሆትስፖት ድርሻን መቀነስ ወይም ፍጥነት የሚወርድበትን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ በመልእክቱ ላይ አይጻፍም፤ ያልተገደበው ጥቅል እስከ ምን ድረስ በሙሉ ፍጥነት እንደሚሠራ በሚናገረው የፍትሐዊ አጠቃቀም ደንብ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ስለ ጣሪያው በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ገንዘብዎ የሚሄደው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የተወሰነ ጊጋባይት ካለፉ በኋላ ፍጥነቱ እስከ ጥቅሉ ማብቂያ ድረስ ይቆለፋል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ላይ (8 ቢት አንድ ባይት ነው) ከተቆለፈ አንድ ሜጋባይት ለማውረድ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ባለ 3 ሜጋባይት ፎቶ ከ3 ደቂቃ በላይ ያስጠብቃል፤ ቪዲዮማ አይታሰብም። በሁለተኛው ፍጥነቱ አይቆለፍም፤ የአካባቢው የኔትወርክ ማማ ሲጨናነቅ ግን ጣሪያውን ያላለፉ ደንበኞች ይቀድማሉ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ንጋት ላይና ምሽት ላይ፣ አንድ ቦታ ሆነው፣ ፍጥነቱን ይለኩ። ሁለቱም ጊዜ ያው ዝቅተኛ ቁጥር ከመጣ ሳይቆለፍ አይቀርም። ንጋት ላይ ፈጥኖ ምሽት ላይ ከተንፏቀቀ ችግሩ መጨናነቅ ነው። ፋስት ዶት ኮም የተባለው የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ የሚለካው በቪዲዮ አቅራቢው ኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ስለሆነ፣ ሌላው መለኪያ ከፍ ያለ ቁጥር እያሳየ እሱ ብቻ ከወረደ ቪዲዮ ተለይቶ እየተቀነሰ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ራሱ ዳታ እንደሚበላ አይርሱ፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ፍጥነት 10 ሰከንድ መለካት 125 ሜጋባይት ይወስዳል።

ይህ ተራ ቅሬታ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 እ.ኤ.አ. የስልክ ኩባንያውን ኤቲ ኤንድ ቲን የከሰሰው ያልተገደበ ዳታ ለገዙ ደንበኞች ፍጥነት እየቀነሰ በበቂ አላሳወቀም ብሎ ነበር፤ አንዳንዶቹ ላይ ፍጥነቱ የወረደው በወር 2 ጊጋባይት እንደተጠቀሙ ነው። ክሱ በ2019 በ60 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ።

አሁን ፍጆታዎን ይለኩ። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ከፍተው የወሩ ቆጠራ የሚጀምርበትን ቀን ጥቅልዎ ከሚታደስበት ቀን ጋር ያስተካክሉ። በአይፎን የሚታየው ቁጥር በየወሩ በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ብዙ ሰው የዓመታት ድምር አይቶ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ከሴሉላር ገጽ ግርጌ ያለውን ሪሴት ስታቲስቲክስ ጥቅሉ በታደሰበት ዕለት ይጫኑት። የ3 ወር ቁጥር ሲይዙ አማካዩን ትተው ትልቁን ወር ይውሰዱ፤ ጥቅል የሚያልቅብዎት በዚያ ወር ነውና።

ምን ምን ያህል እንደሚበላ ለማስላት አንድ ቀላል ደንብ አለ፦ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። በ5 ሜጋቢት የሚፈስ ጥርት ያለ ቪዲዮ በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይወስዳል። በቀን 2 ሰዓት ካዩ በ30 ቀን 135 ጊጋባይት ሆነ። ያንኑ ሰዓት በ1 ሜጋቢት በሚፈስ ዝቅ ያለ ጥራት ቢያዩ 27 ጊጋባይት ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይህን ያህል ዓይን አይወጋም። ሙዚቃ በ320 ኪሎቢት በሰዓት 144 ሜጋባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጠባ የሚጀመረው ከቪዲዮ ነው፤ ጽሑፍና ድምፅ ላይ ጊዜ አያጥፉ።

ከዚያ ሳያውቁት የሚፈሰውን ይድፈኑ። የፎቶና የቪዲዮ ባክአፕ በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያድርጉ፤ በአይፎን የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ፎርኬ (እጅግ ከፍተኛ ጥራት ያለው) ቪዲዮ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን በቆጣቢው ፎርማት እንኳ 170 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ 6 ደቂቃው አንድ ጊጋባይት ይሞላል። በዋትሳፕና በቴሌግራም ሚዲያ በራሱ እንዳይወርድ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጫወት ይዝጉ። በአይፎን ዋይፋይ አሲስት የሚባለው ዋይፋዩ ሲደክም በድብቅ ወደ ሞባይል ዳታ ስለሚያሸጋግር ያጥፉት። ከሁሉ የከፋው ሆትስፖት ነው። ላፕቶፑ የስልክዎን ሆትስፖት ብዙ ጊዜ እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሚቆጥረው የሲስተም አፕዴቱን ሁሉ ሊያወርድ ይችላል። በዊንዶውስ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ከፍተው ሚተርድ ኮኔክሽን (ዳታው የሚቆጠር መስመር) የሚለውን ያብሩ።

ይህን ሁሉ አድርገው ትልቁ ወርዎ ከጣሪያው ግማሽ በታች ከሆነ ባለ ገደብ ጥቅል ሳይሻልዎት አይቀርም። ሲቀይሩ ግን ትርፍ አጠቃቀም በውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ወይም ዳታው ዝም ብሎ እንደሚቆም አስቀድመው ይጠይቁ። በአንድሮይድ የዳታ ገደብ ሲያስቀምጡ ከጥቅሉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ዝቅ ያድርጉት፤ የስልኩና የኩባንያው ቆጠራ እኩል አይመጣም። ያለዎት ጥቅል ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ ያቆመ ከሆነ አንዴ ከለቀቁት የሚመለሱበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ሳይቸኩሉ ያስቡበት።

ለመደራደር ሲደውሉ ትልቁን ወርዎን፣ ውልዎ የሚያበቃበትን ቀን እና የሌላ ኩባንያ ዋጋ በጽሑፍ ይያዙ። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ዋጋውን የጨመረው ሰው ስላልሆነ እሱ ላይ መጮህ ዋጋ የለውም። አገልግሎቱን ማቋረጥ እንደሚፈልጉ ተናግረው የማቋረጥ ጥያቄ ወደሚያስተናግደው ክፍል ያገናኝዎት፤ ቅናሽ የመስጠት ሥልጣን ያለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ቅናሽ ካቀረቡልዎት ለስንት ወር እንደሆነ፣ ውሉን እንደሚያራዝም፣ ጣሪያውንና ሆትስፖቱን እንደሚነካ ይጠይቁ። መልሱ በመልእክት ወይም በኢሜይል ሳይመጣ እሺ አይበሉ።

ውል ላይ ከሆኑ የመውጫ መብትዎን ያንብቡ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኩባንያው የደንበኛውን ጥቅም የሚነካ የውል ለውጥ ሲያደርግ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ አለበት፤ ደንበኛውም ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል። በብሪታንያ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተፈረሙ ውሎች በመሃል የሚመጣ ጭማሪ ካለ በፓውንድና በሳንቲም ልክ አስቀድሞ መጻፍ ግዴታ ነው። በሌላ አገርም የቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ደንብ ይኖረው እንደሆነ ይጠይቁ።

ለመልቀቅ ከወሰኑ ስልክዎ ለሌላ ሲም ክፍት መሆኑን ያረጋግጡ። ቁጥርዎን ይዘው መሄድ የሚቻልበት አገር ከሆነ የዝውውር ጥያቄውን ለአዲሱ ኩባንያ ያቅርቡ፤ አሮጌውን መስመር ቀድመው ከዘጉ ቁጥሩን ሊያጡት ይችላሉ። የባንክና የኢሜይል ማረጋገጫ ኮድ በዚያ ቁጥር ስለሚመጣ ዝውውሩን ገንዘብ በማያንቀሳቅሱበት ቀን ያድርጉት። የሌላውን ማማ ተከራይተው የሚሠሩ ርካሽ ኩባንያዎች በመጨናነቅ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከባለማማው ደንበኞች ኋላ ይሰለፋሉ፤ ከመፈረምዎ በፊት የአጭር ጊዜ ጥቅል ገዝተው ዘወትር በሚውሉበት ቦታ ምሽት ላይ ይሞክሩት።