የፎቶ ማደራጃው ሃርድ ዲስኩን አላይ ካላችሁ

ሀዋሳ ላይ ፎቶ ቤት ኖሯችሁ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምትጠቀሙ፣ ይቺን ያዙልኝ። የፎቶ ማደራጃ ከአፕ ሴንተር ትጭናላችሁ። አሞራ ገደል የተነሳው የሠርግ ፎቶ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ትሰካላችሁ። ፋይል ማናጀሩ ፎቶዎቹን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፣ ፕሮግራሙ ግን አልከፍትም ይላል። ፎርማት ለማድረግ እንዳትቸኩሉ! ዲስኩ ደህና ነው።

ሴቲንግስ ውስጥ አፕስን ክፈቱ፣ ፕሮግራሙን ምረጡ፣ ከፈቃዶቹ መካከል ሪሙቨብል ስቶሬጅ የሚለውን አብሩት። ከዚያ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ።

በስናፕ፣ ማለትም አፕ ሴንተር በብዛት በሚጠቀምበት የፕሮግራም ጥቅል፣ የሚጫኑ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ታጥረው ነው የሚሠሩት። ሆም ፎልደራችሁን ያያሉ እንጂ በዩኤስቢ የገባውን ብዙ ጊዜ ያለ ፈቃድ አይነኩም። አጥሩ ለደኅንነት ነውና ለማታምኑት ፕሮግራም አትክፈቱለት። በዴብ ፋይል፣ ማለትም ይህ አጥር በሌለው ሌላኛው የኡቡንቱ ጥቅል፣ የጫናችሁት ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።