ኢንሱሊናችሁ ከፍ ማለቱን እንዴት ታውቃላችሁ? እንዴትስ ታወርዱታላችሁ?

የስኳር ምርመራችሁ «ኖርማል ነው» እየተባለ ወገባችሁ ግን ከዓመት ዓመት እየሰፋ ከሆነ ይህን አንብቡ። ስኳሩ ኖርማል የሆነው ቆሽታችሁ ከመጠን በላይ ኢንሱሊን እያመረተ ስላወረደው ሊሆን ይችላል። የስኳር ምርመራ ውጤቱን እንጂ የቆሽትን ልፋት አያሳይም።

ብዙ ሰው ኢንሱሊንን የሚያውቀው ከስኳር ጋር ብቻ ነው። ሥራው ግን እዚያ አያበቃም። በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የዕድገት ንጥረ ነገሮችንም ይነካል፤ ዋናው አይጂኤፍ 1 ይባላል። በቅርጹ ኢንሱሊንን ይመስላል፣ በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ይመረታል፣ ሴሎችንም እንዲያድጉና እንዲባዙ ያዛል። ከዚህ ውስጥ በደም ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚዞረው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ተሸካሚ ፕሮቲኖች ይዘውታል፤ እነሱ ልጓሙ ናቸው።

ኢንሱሊን ከቆሽት ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ጋ ነው። እዚያም ጉበት የዕድገት ሆርሞንን ትእዛዝ በደንብ እንዲሰማና አይጂኤፍ 1 እንዲያመርት ያግዘዋል። በዚያው ላይ አይጂኤፍቢፒ 1 የሚባለውን ልጓም ምርት ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ልጓም ምግብ ሳይበላ ሲያድር ከፍ ይላል፣ ሲበላ ደግሞ ይወርዳል። ኢንሱሊኑ ቀንም ሌሊትም ከፍ እንዳለ የሚቆይ ሰው ግን ልጓሙ እንደላላ ይከርማል። ለዚህ ነው ብዙ ውፍረት ያለው ሰው የዕድገት ሆርሞኑ ዝቅ ብሎ እያለ እንኳ ነጻው አይጂኤፍ 1 ሳይቀንስ፣ አንዳንዴም ከፍ ብሎ የሚገኘው። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም በደንብ ሳይታከም ሲቀር ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። ጉበት በቂ ኢንሱሊን ስለማያገኝ አይጂኤፍ 1 ይወርዳል፣ ልጓሙም ይበዛል።

ይህ ዝም ብሎ የላቦራቶሪ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር አያይዞታል። ከሚጠረጠሩት መንገዶች መካከል ኢንሱሊንና አይጂኤፍ 1 ይገኙበታል።

እሺ፣ ምን እናድርግ? መጀመሪያ አይጂኤፍ 1 ለመመርመር አትሩጡ። ቁጥሩ በዕድሜ ይለያያል፣ በጉበት ችግርና በምግብ እጥረትም ይወርዳል፤ ስለዚህ ስለ ኢንሱሊናችሁ ብዙ አይነግራችሁም። ይልቅ በባዶ ሆድ የሚወሰድ የኢንሱሊንና የስኳር ምርመራ ከአንድ ናሙና እንዲታዘዝላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ምግብ ሳትበሉ ቆዩ፣ ውሃ ግን ጠጡ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ አንዳንድ የሆርሞን ምርመራዎችን ያዛባል።

ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች አባዙና ለ405 አካፍሉ። ይህ ሆማ የሚባለው ስሌት ነው፤ የሚሠራው ስኳሩ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ኢንሱሊኑ በማይክሮዩኒት በሚሊሊትር ሲጻፍ ነው። ስኳራችሁ 95፣ ኢንሱሊናችሁ 5 ከሆነ 1.2 ገደማ ይመጣል። ስኳሩ ያው 95 ሆኖ ኢንሱሊኑ 15 ከሆነ ግን 3.5 ይሆናል። ስኳሩ አንድ ነው፣ የቆሽት ልፋት ግን ሦስት እጥፍ! ላቦራቶሪዎች የሚለኩበት መንገድ ስለሚለያይ የእናንተን ቁጥር ከጓደኛችሁ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ። ምርመራው ካልተገኘ ወገባችሁን በሜትር ለኩ፣ አንገታችሁንና ብብታችሁንም እዩ። እዚያ ቆዳው ጠቆር፣ ወፈር፣ ለስለስ ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኢንሱሊን መብዛት ምልክት ነው፤ ኢንሱሊን ሲበዛ የቆዳ ሴሎችንም ያባዛል።

ወደ ማውረዱ ስንመጣ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ጡንቻን ነው። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊን እርዳታም ስኳር ከደም ይስባል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ተነስታችሁ ተራመዱ፤ ትንሽም ቢሆን ይጠቅማል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ስፖርት ጨምሩበት። ስኳር ያለበትን መጠጥ አቁሙ፣ ጭማቂም ቢሆን። ቀኑን ሙሉ እየቀማመሱ መዋልም ኢንሱሊንን እረፍት ይነሳዋል፣ በምግቦቻችሁ መካከል ክፍተት ስጡ። እንቅልፍ ያጣ ሰውነትም ለኢንሱሊን ጆሮ አይሰጥም።

ይህ ባዶ ምክር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በተሠራና በ2002 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙ ሰዎች በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ ነበር የቀነሰላቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ! ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ ምግብ አትዝለሉ፣ መድኃኒቱንም አትቀንሱ። ስኳር በድንገት በጣም ሲወርድ ሊገድል ይችላል።

ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ላቦራቶሪ፣ በተመሳሳይ ባዶ ሆድ፣ ደግማችሁ ተመርመሩ። ሚዛኑ ብዙም ባይነቃነቅ እንኳ ኢንሱሊኑ ወርዶ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ስለዚህ በሚዛኑ ብቻ ተስፋ ቆርጣችሁ አታቋርጡ።