ያቋረጣችሁትን ዲግሪ አሜሪካ ለመጨረስ፦ ለሰሜን ሸዋ ልጆች

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ አግኝታችሁ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ያላችሁ፣ በርበሬውና ሽሮው ይቆይ፤ መጀመሪያ የተማራችሁበት ሬጅስትራር ሂዱ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጣችሁት ትምህርት እዚህ ሊያዝላችሁ ይችላል፤ ማስረጃው ግን በእጃችሁ መኖር አለበት።

እኔ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴን በታሸገ ፖስታ ተቀብዬ ነበር። ማህተሙ ግማሹ በክዳኑ፣ ግማሹ በፖስታው ላይ አርፏል። ቤት ስደርስ እናቴ "እስቲ ውጤትህን አሳየኝ" ስትለኝ ቀደድኩት። እዚህ ሳቀርበው የተከፈተ ነው ተብሎ ተመለሰ። እህቴ በውክልና ሌላ እስክታስወጣልኝ ከመሐል ሜዳ ስትመላለስ አንድ ሴሚስተር አለፈኝ። ሁለት ቅጂ አስወጡ፤ አንዱን ፈጽሞ አትክፈቱት። የኮርሶቻችሁን ዝርዝር ይዘትም ያዙ፤ ኮሌጁ ክሬዲቱን ለመቀበል ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለትምህርት የገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበት ፋፍሳ (FAFSA) የሚባል የፌዴራል መንግሥት ቅጽ አለ። በነጻ ነው የሚሞላው፤ "ልሙላላችሁ" ብሎ ብር ለሚጠይቅ አትክፈሉ። ግሪን ካርድና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ ዕድሜ አያግደውም። 24 ዓመት ከሞላችሁ ወይም ካገባችሁ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም፤ የሚታየው የራሳችሁና የትዳር ጓደኛችሁ ነው።

በዚህ ቅጽ የሚገኘው ፔል ግራንት የመንግሥት እርዳታ ነው፤ እንደ ብድር ተመልሶ አይከፈልም። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። እየሠራችሁ ጥቂት ኮርስ ብትወስዱም በክሬዲቱ ልክ ተቀንሶ ይሰጣል። ሙሉውን ያገኘ ሰው ኮሚኒቲ ኮሌጅ (ክፍያው አነስ ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ከገባ ብዙ ጊዜ ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍ ይተርፈዋል። ስለዚህ ከዚያ ጀምሩ እላለሁ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ግን፣ ዲግሪው የኢትዮጵያ ቢሆንም፣ ፔል አያገኝም። "ደብቀህ ሙላ" የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስሙት፤ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ በሕግም ያስጠይቃል።

ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን እያላችሁ ያገኛችሁት ደመወዝ በዶላር ተመንዝሮ ይገባል፤ የደመወዝ ማስረጃም ይዛችሁ ኑ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ካጣችሁ ወይም ሰዓት ከተቀነሰባችሁ የኮሌጁን የፋይናንሺያል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ አናግሩ። ሁኔታችሁን አይተው እንደገና የማስላት ሥልጣን አላቸው። እኛን ይሉኝታ ይይዘናል፤ እነሱ ግን ካልነገርናቸው አያውቁም።

የምፈራላችሁ ሌላ ነገር አለ። ሁለት ሺፍት እየሠሩ ሙሉ ኮርስ ተመዝግበው መሐል ላይ የሚተዉ ልጆች አያለሁ። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ካቋረጣችሁ ከተሰጣችሁ ገንዘብ ከፊሉ ይመለሳል፤ ኮሌጁም ዕዳ ሊጠይቃችሁ ይችላል። በሁለት ኮርስ ጀምሩ።

ለቀጣዩ ዓመት የሚሆነው ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው፤ በእኛ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት። አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸውን እርዳታ ቀድሞ ላመለከተ ስለሚሰጡ በዚያው ሳምንት ሙሉት።