ፕላስቲክ ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ ያለ ጠገራ ብር እንዴት ይወጣል?

ማርትሬዛም ይሁን የምኒልክ ብር፣ ላስቲክ ውስጥ ተጣብቆ አልወጣ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቢላ ነው። ቢላው ይቅር። መያዣው ርካሽ ነው፤ ቢሰበር ሌላ ይገዛል። ሳንቲሙ ላይ የተጫረ መስመር ግን በምንም አይጠፋም፤ ገዢም ሰብሳቢም ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። መሰበር ካለበት ፕላስቲኩ ይሰበር።

ከመጀመርዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ፎጣ አጥፈው ያንጥፉ። ጠገራ ሴራሚክ ወለል ላይ አንዴ ከወደቀ ጠርዙ ይደቅቃል። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ሳንቲሙ ምንጊዜም የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ ፊቱ ላይ ያረፈ የጣት አሻራ ከወራት በኋላ ጠቁሮ ይወጣል። የጥጥ ጓንት ያንሸራትታልና አይመከርም።

ቀጥሎ መያዣው ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። አከፋፈቱ የሚወሰነው በዚያ ነው።

ጠንካራው ክብ ማቀፊያ

ሁለት ግማሾች አፍ ለአፍ ገጥመው የሚዘጉት ነው። አልከፈት የሚለው ወይ መገጣጠሚያው ውስጥ አቧራና የእጅ ቅባት ገብቶ ስለደረቀ፣ ወይ ጠገራው ለሌላ ሳንቲም በተሠራ ማቀፊያ ውስጥ በግድ ስለገባ ነው። የማርትሬዛ ስፋት ከ39.5 እስከ 41 ሚሊ ሜትር ነው፤ የምኒልክ ብርም 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካው ሞርጋን ዶላር ግን 38.1 ነው። ማቀፊያው ውስጥ ሳንቲሙን የሚከበው፣ ለሞርጋን የተሠራ የስፖንጅ ቀለበት ስለሚለጠጥ ጠገራውን እሺ ብሎ ይቀበላል፤ መልሶ አይለቅም እንጂ።

ማቀፊያውን ፎጣው ላይ ዝቅ አድርገው ይያዙና መገጣጠሚያውን በብርሃን ይፈልጉ። አንዳንዶቹ ጥፍር የሚገባበት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አላቸው። ጥፍር ካልገባ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ጠርዝ ይበቃል። ካርዱን ወደ ውስጥ አይግፉት፤ ጫፉን ብቻ አስገብተው በቀስታ ይጠምዝዙት። አንድ ቦታ ላይ ቸክ ሲል እዚያው አይቀጥሉ፤ ማቀፊያውን ሩብ ያህል አዙረው ሌላ ቦታ ይድገሙት። በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ማቀፊያ በድንገት ሲለቅ ሳንቲሙን አስፈንጥሮ ይጥለዋል። ካቻቢቴ ያቀረበልዎት ሰው ካለ አመስግነው ይመልሱለት።

አሁንም እምቢ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ዝቅተኛ ሙቀት አንድ ሁለት ደቂቃ ዙሪያውን ያሙቁት። ልኩ መዳፍ ያለችግር የሚችለው ሙቀት ነው። የፈላ ውኃ ግን አይሞከር፤ ብዙ ማቀፊያ የሚሠራበት ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቅርጹን ይስታል፣ ውኃውም በመገጣጠሚያው ሰርጎ ይገባል። ፍሪዘር ውስጥ መክተትም ተገቢ አይደለም፤ ፕላስቲኩ እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል፣ ሲወጣ ደግሞ ቀዝቃዛው ብር ላይ ጤዛ ይቋጥራል።

ማቀፊያው ተከፍቶ ሳንቲሙ ስፖንጅ ቀለበቱ ውስጥ ከቀረ ፊቱን በአውራ ጣት አይግፉ። ቀለበቱን ከሳንቲሙ ጋር ወደ ፎጣው ዝቅ አድርገው ይያዙና ስፖንጁን ዙሪያውን ወደ ውጭ ይለጥጡት፤ ሳንቲሙ ራሱ ይወርዳል። አርጅቶ የፈረፈረ ስፖንጅ ጠርዙ ላይ ከተጣበቀ አሴቶን ያስፈልገዋል፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ልብስ ሣጥን ውስጥ ከናፍታሌን ጋር የተቀመጠ ማቀፊያ ደግሞ ለብቻው ችግር ነው። የናፍታሌን ጢስ ፖሊስታይሪንን ያለሰልሰዋል፤ ሁለቱ ግማሾች እርስ በርስ የተበየዱ ያህል ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ለመክፈት አይታገሉ። ከሳንቲሙ የራቀውን ጠርዝ በፒንሳ ቆንጥጠው ይስበሩት፤ ሲሰበር ስለሚፈናጠር ዓይንን በመነጽር መከለል፣ ማቀፊያውንም በጨርቅ መሸፈን ነው።

ካርቶኑ

መሐሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ያለውና በስቴፕለር ሽቦ የተመታው አራት ማዕዘን ካርቶን ቀላል ነው። ሽቦዎቹ በሙሉ መጀመሪያ ይነቀሉ፤ ከዚያ ካርቶኑ እንደ መጽሐፍ ይከፈት። ሽቦው ሳይወጣ ሳንቲሙን በጎን ስቦ ማውጣት የፊቱን ቅርጽ በሽቦ ጫፍ መጫር ነው።

ዋናው ጣጣ፦ ለስላሳው ላስቲክ ኪስ

ብዙ ጠገራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ለስላሳው ኪስ በአብዛኛው ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ የሚያለሰልሰው የተጨመረበት ዘይት መሰል ኬሚካል ነው። ያ ኬሚካል ከጊዜ ጋር ከላስቲኩ እየወጣ ሳንቲሙ ላይ ያርፍና ያጣብቃል። ፒቪሲው ራሱ ሲፈርስ ደግሞ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለቃል፤ አሲዱ መዳብን ይበላል። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። የብር ሳንቲም ሆኖ አረንጓዴ የሚያወጣው በዚህ የተነሳ ነው። 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የመዳብ ሳንቲሞች ላይማ ጉዳቱ ይብሳል።

ከኪሱ ጋር የተጣበቀ ሳንቲም በደረቁ አይላጥም። ላስቲኩ ሲነሳ ላዩ ላይ ያለውን ዓመታት ያበጀውን ጥቁር ውበት በቁራሽ በቁራሽ ይዞ ይወጣል፤ ሳንቲሙ ዝንጉርጉር ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ በመቀስ ኪሱን ከሳንቲሙ ጠርዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው በሦስት በኩል ይቁረጡት። ከዚያ አንዱን ገጽ ከጥግ ይዘው ወደ ኋላ አጥፈው፣ ከሳንቲሙ ጋር ትይዩ እንዲሆን እያደረጉ በጣም በቀስታ ይጎትቱ። ሽቅብ አይሳብም። የሚጀመረውም ማርትሬዛ ላይ የተቀረጸችው ንግሥት ጉንጭና ደረት ካለበት ሳይሆን ከጽሑፉ ጠርዝ ነው፤ ከፍ ብሎ የተቀረጸው ቦታ ነውና ቶሎ የሚጎዳው። የሚይዝ ቦታ ላይ ሲደርሱ ያቁሙ። ከዚህ በላይ እጅ ሳይሆን አሴቶን ይሥራ።

አሴቶን ሲባል ንጹሕ አሴቶን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ውኃ፣ ሽቶ፣ ቀለምና ዘይት አለበት፤ ሲደርቅ ያንን ሳንቲሙ ላይ ትቶ ይሄዳል። አሴቶን የሌለበትም አለ። ጠርሙሱ ላይ አሴቶን ብቻ ብሎ የተጻፈበትን ይፈልጉ፤ የላብራቶሪ ኬሚካልና የውበት ሳሎን ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ይጠየቃሉ። ቀለም ቤት ያለው ቲነር ምትክ አይሆንም፤ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ስለሆነ ምን እንደሚተው አይታወቅም። አረቄም ያው ነው፣ ግማሹ ውኃ ነው።

አሁን እሳቱ። አሴቶን በ56 ዲግሪ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ግን በቤት ውስጥ ሙቀትም በብዛት ይወጣል፣ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ወለሉን ይዞ ይሄዳል። አንድ ክፍል ርቆ ያለ ከሰል ሊያቀጣጥለው ይችላል። ቡና በተፈላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት ወይም ምድጃ በተለኮሰበት ቤት ይህ ሥራ አይሠራም። በረንዳ ላይ፣ በጥላ ሥር፣ ሲጋራ የሚያጨስ በሌለበት ነው። የሚነካካው ሰው የናይትራይል ጓንት ካለው ጥሩ ነው፤ ሆኖም አሴቶን ጓንቱን ቶሎ ስለሚያልፈው ሲርስ ይቀየር።

ዕቃው ብርጭቆ ይሁን። አሴቶን ፖሊስታይሪንንና አክሪሊክን ያቀልጣል፤ የፕላስቲክ ኩባያ ቀልጦ ሳንቲሙ ላይ ከተለበጠ ሥራው እንደገና ይጀመራል። አፈ ሰፊ ሁለት ብርጭቆዎችና መክደኛ የሚሆን ስኒ ማስቀመጫ ይበቃል።

ከአሴቶኑ በፊት ሳንቲሙን የተጣራ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይጠቅማል፤ ጨውና ላብ በውኃ እንጂ በአሴቶን አይሟሙም። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ነጠብጣብ ስለሚተው ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ይጠቀሙ። ሲገዙ ግን ጽሑፉን ደጋግመው ያንብቡ፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተመሳሳይ ጠርሙስ ያለው የባትሪ አሲድ አብሮ ይቀመጣል። እሱ ከተቀዳ ጠገራውም እጅዎም አይተርፍም።

ከዚያ የተረፈውን ላስቲክ እንደያዘ ሳንቲሙን በመጀመሪያው ብርጭቆ ያስቀምጡና እስኪሸፍነው አሴቶን ይጨምሩ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ። ላስቲኩ አብጦ ይላላል፤ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል ብለው ግን አይጠብቁ። ጫፉን በእንጨት ስንጥር ይዘው ሲያነሱት ያለ ትግል መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ይከድኑና ተጨማሪ ጊዜ ይስጡት፤ የብር ሳንቲም ሌሊቱን ቢያድርም አሴቶን ብሩን አይነካውም። የመዳብ ሳንቲም ግን ሊለውጠው ይችላልና አጭር ይሁን፣ ከፀሐይም ይራቅ።

ላስቲኩ ከተነሳ በኋላ ብዙ ሰው ሥራው አለቀ ብሎ ያወጣዋል፤ ስህተቱ እዚህ ነው። የመጀመሪያው አሴቶን አሁን የተበከለ ነው፤ የማለስለሻው ዘይት ውስጡ አለ። ሳንቲሙ ከዚያ ወጥቶ ቢደርቅ ያው ዘይት በስሱ መልሶ ይለብሰዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ብርጭቆ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ሌላ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ መሐል ላይ ይገልበጥ። ሲወጣ አይታሽም፣ በሶፍትም አይጠረግም። ጠርዙን ይዘው ሲያቆሙት በሴኮንዶች ውስጥ ራሱ ይደርቃል።

አረንጓዴው በአሴቶን ከሄደ የፒቪሲ ቅሪት ነበር። ደረቅ፣ ጠጣርና ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ መዳቡ ራሱ የዛገው ነውና አሴቶን አያነሳውም፤ ይተውት። ከሥሩ የተቦረቦረ ፈዛዛ ቦታ ከታየም ጉዳቱ ቀድሞ የደረሰ ነው። በዚህ ጊዜ ሎሚ፣ አመድ ወይም የጥርስ ሳሙና የሚያመጣ ዘመድ አይጠፋም። ሎሚው አሲድ ነው፣ አመዱና የጥርስ ሳሙናው ይፍቃሉ። አንጥረኛ ለጌጥ የሚያብለጨልጨው ጠገራና ሰብሳቢ የሚፈልገው ጠገራ አንድ አይደሉም።

የታሸገው ሰሌዳ

ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ በተባሉ የሳንቲም ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ደረጃ ተሰጥቶት በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገ ሳንቲም በመጀመሪያ ተጣበቀ አይባልም፤ እንዳይከፈት ሆኖ የተበየደ ነው። ሲሰበር የደረጃው ዋስትና አብሮ ይሰረዛል። ውስጡ አረንጓዴ እያወጣ ካልሆነ በስተቀር እዚያው ይኑር። የግድ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልለው ከሳንቲሙ የራቀውን ማዕዘን በፒንሳ ይስበሩ፤ ስንጥቁ ወደ ዳር ሲሮጥ ሁለቱን ገጾች በእጅ ይለያዩ። ሴጌቶ የፕላስቲክ ብናኝ ሳንቲሙ ላይ ስለሚረጭ አይመረጥም። በሞርሳ አስሮ መጭመቅም አደጋ አለው፤ ስንጥቁ ወደ የት እንደሚሄድ አይታዘዝም።

ከወጣ በኋላ

አሮጌው ኪስ ውስጥ አይመለስ። ፒቪሲ መሆኑን ማጣራት ከፈለጉ ከኪሱ ትንሽ ቁራሽ ይቁረጡ። አሴቶኑ ተነስቶ ከሄደ በኋላ ደጅ ወጥተው የመዳብ ሽቦ ጫፍ በጋዝ ነበልባል ያግሉ፤ ቁራሹን በጋለው ሽቦ ነክተው ሽቦውን ወደ ነበልባሉ ይመልሱ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት። ጢሱ መርዛማ ስለሆነ አንድ ቁራሽ ይበቃል፣ ትንፋሽም ይራቅ። ይህን የማይፈልግ ሰው አፍንጫውን ይጠቀም፤ አዲስ የጠረጴዛ ላስቲክ የሚሸት ኪስ ሁሉ ለሳንቲም አይሆንም።

የሚሆነው ማይላር ከሚባለው ፖሊስተር የተሠራ ኪስ፣ የፖሊፕሮፒሊን ገጽ ወይም በልኩ የተሠራ አክሪሊክ ማቀፊያ ነው። ለአሜሪካው ሲልቨር ኢግል የተሠራው 40.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አብዛኛውን ማርትሬዛ ይቀበላል፤ ሆኖም ከማዘዝዎ በፊት የራስዎን ሳንቲም በካሊፐር ይለኩ። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ በክብ ማቀፊያ አይዘጋም፤ ሰፊ ኪስ ይፈልጉለት።

እንደ ጎንደር ባለ ቦታ አየሩ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ ነው። በዚያ ወቅት ሳንቲም የሚታሸገው ዝናብ ሳይሆን ደረቅ ቀን ተጠብቆ ነው፤ ካልሆነ እርጥበቱ አብሮ ይታሸጋል። ከጫማ ካርቶን የሚገኘው የሲሊካ ጄል ከረጢት ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ በየክረምቱ ይቀየር።

ያገለገለውን አሴቶን በማጠቢያ ገንዳ አይድፉ፤ የፍሳሽ ቱቦው ራሱ ፒቪሲ ነው። ደጅ፣ ልጆችና እሳት በማይደርሱበት ቦታ ብርጭቆው ውስጥ ተንኖ ይለቅ። ከወር በኋላ ሳንቲሙን በማጉያ መነጽር ይዩት። አረንጓዴ ጤዛ መሰል ነገር በፊደሎቹ መሐል ከተመለሰ በንጹሕ አሴቶን ሌላ ዙር ያስፈልገዋል።