ኬራቶኮነስ ያለበት ሰው ዐይኑን ማሸት እንዴት ሊተው ይችላል?

ዐይንን ማሸት ለአብዛኛው ሰው ከድካም በኋላ የሚደረግ፣ ደስ የሚያሰኝና ብዙም የማይጎዳ ልማድ ነው። ኬራቶኮነስ ላለበት ሰው ግን ጉዳዩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ብርሃን ወደ ዐይን የሚገባበት ኮርኒያ የተባለው የጠራ የፊት ሽፋን በጤናማ ዐይን እንኳ መካከሉ ላይ ያለው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዚህ ሕመም ጊዜ ደግሞ ይበልጥ እየሳሳ፣ የተስተካከለ ክብነቱን እያጣ፣ እንደ መሶብ ክዳን ወደ ፊት እየሾለ ይሄዳል። ያን ጊዜ የመነጽሩ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፣ ማታ የመኪና መብራት ይበተናል፣ አንዱ ፊደል ሁለትና ሦስት ጥላ አውጥቶ ይታያል። እንዲህ የሳሳን ሽፋን በጣት አንጓ እየተጫኑ ማሸት ምን ሊያደርሰው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ማሸት ብቻውን ሕመሙን ያመጣል ወይስ በዘር የተጋለጠውን ዐይን ያባብሳል በሚለው ጥያቄ ላይ የዐይን ሐኪሞች አንድ አቋም የላቸውም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዳሚየን ጋቲኔል ካልታሸ ዐይን ኬራቶኮነስ አይወጣም እስከ ማለት ደርሰዋል፤ ሌሎች ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ ተደጋግሞ መታየቱን እየጠቀሱ የዘርን ድርሻ ያጎላሉ። ለታማሚው ግን ክርክሩ በተግባር የሚለውጠው ነገር የለም፤ ሁለቱም ወገኖች እጅዎን ከዐይንዎ ላይ ያንሡ በማለት ይስማማሉና።

ይህን ምክር ያልሰማ ታማሚ ጥቂት ነው፤ ሰምቶ የፈጸመውም እንዲሁ ጥቂት ነው። ምክንያቱ የፈቃድ ድክመት ብቻ አይመስለኝም። ዐይን በአለርጂ ሲቆጣ፣ ማስት ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ሂስታሚን የተሰኘውን ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ ማሳከኩን የሚያመጣው እርሱ ነው። ዐይኑ ሲታሽ ለጊዜው ቢያርፍም፣ እነዚሁ ሕዋሳት በመታሸታቸው ተጨማሪ ሂስታሚን ስለሚለቁ ከደቂቃዎች በኋላ ይብስበታል። በዚያ ላይ የዐይን ኳስ ሲጫን የልብ ምት ጥቂት እንዲቀንስ የሚያደርግ የተፈጥሮ ምላሽ አለ፤ ሲያሹ የሚሰማው የመዝናናት ስሜት ከዚህም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ስለዚህ ፊት ለፊት የቆሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ማሳከኩ፣ ሁለተኛው ሳያሳክክም እንኳ በራሱ ጊዜ ወደ ዐይን የሚሄደው እጅ። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው በሌላው ይሸነፋል።

ከመድኃኒትም ከልምምድም በፊት ግን መቁጠር ይቀድማል። ለሦስት ቀን ያህል ትንሽ ወረቀት በኪስዎ ይያዙ፤ እጅዎ ዐይንዎ ላይ ባረፈ ቁጥር አንድ መስመር ያስምሩና ሰዓቱን፣ ይሠሩት የነበረውን ነገር፣ ያሹበትንም መንገድ ይጻፉ። በጣት ጫፍ ጥግ ጥጉን መነካካትና በጣት አንጓ ኳሱን መጫን እኩል አይጎዱም፤ ሁለተኛው እጅግ የከፋ ነው። ብዙ ሰው «እኔ አላሽም» ብሎ ይምላል፤ አብረውት የሚኖሩት ግን እውነቱን ያውቃሉና እነርሱም እንዲቆጥሩ ይጠይቋቸው። ወረቀቱ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ማሸቱ በቀኑ ሁሉ የተበተነ ሆኖ አይገኝም፤ ከእንቅልፍ ሲነሡ፣ መነጽር ወይም ኮንታክት ሌንስ ሲያወልቁ፣ ፊት ሲታጠቡ፣ ማታ ስልክ ላይ ዐይናቸው ሲደክም በመሳሰሉት ጥቂት ሰዓቶች ላይ ይከማቻል። ጥረቱም በእነዚያ ሰዓቶች ላይ መዋል አለበት።

ማሳከኩን ለማስታገስ በመጀመሪያ የማሳከኩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል፤ ይህም የዐይን ሐኪም ሥራ ነው። በልጆችና በወጣቶች፣ በተለይም በወንዶች ላይ የሚበረታው፣ ሞቃትና ደረቅ አየር ባለበት አገር የሚበዛው፣ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያወጣውና ብርሃን የሚያስጠላው የአለርጂ ዓይነት ከኬራቶኮነስ ጋር ተያይዞ ደጋግሞ የሚታይ ስለሆነ ቸል ሊባል አይገባውም። የሚያቃጥልና አሸዋ የገባ የሚመስል ስሜት ደግሞ የዐይን ድርቀት ሊሆን ይችላል። በሽፋሽፍቱ ሥር ቅርፊት የሚያበጅ ከሆነ ችግሩ ከዐይን ቆቡ ነው። ትራኮማ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ያደገ ሰው፣ የሚያሳክከው የመሰለው ነገር ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ሊሆን ስለሚችል፣ በጠብታ ሳይሆን በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚስተካከልበት ጊዜ አለ።

ለአለርጂው ሐኪሞች አዘውትረው የሚያዝዟቸው ኦሎፓታዲንና ኬቶቲፈን የተባሉ ጠብታዎች ሂስታሚንን የሚከለክሉ ብቻ ሳይሆኑ ማስት ሴሎቹንም የሚያረጋጉ ናቸው። ሶዲየም ክሮሞግላይኬት የተባለው ሌላው የአለርጂ ጠብታ ግን ሙሉ ጥቅሙን ለመስጠት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ ለሁለት ቀን ሞክረው «አልሠራልኝም» ብለው የሚጥሉት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ጠብታው የታዘዘልዎት ማሳከኩ እንዳይመጣ ነው፤ ስለዚህ ዐይንዎ የሰላም ቀን ስላገኘ ብቻ አያቋርጡት። ዴክሳሜታዞንና መሰል የስቴሮይድ ጠብታዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ማሳከኩን በአንድ ቀን ጸጥ ስለሚያደርጉት ሰው ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ለወራት ይጠቀምባቸዋል፤ የዐይን ግፊትን ከፍ በማድረግ የዕይታን ነርቭ የሚጎዳውን ግላኮማን፣ እንዲሁም የዐይን ሞራን ሊያመጡ ስለሚችሉ ሐኪም ለወሰነው ጊዜ ብቻ፣ ግፊቱ እየተለካ ካልሆነ በቀር ሊነኩ አይገባም።

ጠብታ የሚጨመርበት መንገድም ልማዱን ያግዛል ወይም ያፈርሳል። የታችኛውን ቆብ በጣት ዝቅ አድርጎ አንድ ጠብታ መጨመር፣ ዐይንን ሳያጨማድዱ በቀስታ መክደን፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዐይን ጥግ ለአንድ ደቂቃ ያህል በቀስታ መያዝ ይበቃል። የፈሰሰውን ትርፍ ጉንጭ ላይ ጠብቆ በንጹሕ ሶፍት ማንሣት እንጂ ዐይኑን መጥረግ አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጨምሮ ሲያበቃ በዚያው እጁ ያሻዋልና። ሁለት ዓይነት ጠብታ ያለው ሰው በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይጠብቅ፤ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግም ከጠብታው በፊት አውልቆ፣ መልሶ እስኪያደርግ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቆይ።

ከመድኃኒት ውጭ ትልቁ ወዳጅ ቅዝቃዜ ነው። በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ በተከደነ ዐይን ላይ፣ ሳይጫኑት፣ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ማሳረፍ ማሳከኩን በግልጽ ይቀንሰዋል። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሠራሽ እንባም አለርጂ የሚያነሣሣውን ብናኝ ያጥባል፣ ያቀዘቅዛልም። አቧራ፣ የማገዶ ጭስ፣ በርበሬ ሲቆላና ሲደለዝ የሚነሣው ብናኝ፣ እጣን በዝቶ የሚጨስበት ጠባብ ክፍል፣ በዐረብ አገር ደግሞ የአሸዋው ነፋስና ቀኑን ሙሉ የሚነፍሰው ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም የታወቁ ቆስቋሾች ናቸው። ቡና እየተፈላ ሳለ ከቤት ይውጡ ማለቴ አይደለም፤ ጭሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ራቅ ብሎ መስኮት አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። ከውጭ ሲገቡ እጅንና ፊትን፣ ቅንድብንም ጭምር መታጠብ፣ ትራስ ልብስንም ቶሎ ቶሎ በሙቅ ውኃ ማጠብ ይጠቅማል።

አሁን ወደ እጁ እንመለስ። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናታን አዝሪንና ግሪጎሪ ነን በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረቡት፣ ጥፍር መብላትንና መሰል ልማዶችን የማስተው ዘዴ ለዚህም የሚስማማ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልማዱን መከልከል ብቻ ሳይሆን፣ እጁ ልማዱን ሊፈጽምበት በማይችለው ሌላ ሥራ ማስያዝ። እጅዎ ከጭንዎ ተነሥቶ ወደ ፊትዎ መሄድ መጀመሩን ባወቁበት ቅጽበት ሁለቱን እጆች ያያይዙ፣ ወይም ጣቶችዎን በቀስታ ይጨብጡ፣ ወይም መቁጠሪያ፣ እስክሪብቶ፣ የተገኘውን ነገር ይያዙ፤ ከዚያም ዐይንዎን ቀስ እያሉ እያርገበገቡ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆዩ። ማሳከክ ይነሣል፣ ይበረታል፣ ከዚያ ይበርዳል፤ የሚያሸንፈን ሲበረታ ያለው አጭር ጊዜ ነው። ይህን ሳያሳክክዎትም በቀን ጥቂት ጊዜ ይለማመዱት፤ እጅ አዲሱን መንገድ በሰላሙ ሰዓት ካልተማረው በጭንቁ ሰዓት አያገኘውም።

አንድ ደቂቃ መታገሥ ያቃተው ሰው ቀዝቃዛውን ጨርቅ ይያዝ። ያም ካልተገኘ ከቅንድቡ ሥር ያለውን አጥንት በጣቱ ይጫን፤ ለስሜቱ የሚቀርብ ዕረፍት ይሰጣል፣ ኳሱ ግን አይነካም። ይህ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ አዲስ ልማድ መሆን የለበትም፤ ጣት አጥንቱ ላይ ከደረሰ ወደ ታች መንሸራተቱ ቅርብ ነው።

ጠዋት ከሁሉ የከፋ ሰዓት ነው፤ ሰው ገና ሳይነቃ እጁ ይቀድመዋል። ጠብታውን ራስጌ ማስቀመጥና ዐይን እንደተገለጠ መጨመር፣ የደረቀውን የዐይን አርም በረጠበ ጨርቅ አለስልሶ ማንሣት ይሻላል። በእንቅልፍ ልባቸው የሚያሹ ሰዎች ሐኪማቸውን ጠይቀው ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ በፕላስተር ለጥፈው ይተኙ፤ በሆድ ተኝቶ ፊትን ትራስ ውስጥ መቅበርም ራሱ ዐይንን መጫን ስለሆነ በጀርባ መተኛትን ይልመዱ። ፊት ሲታጠቡ፣ በተለይም ለጸሎት በቀን ደጋግመው የሚታጠቡ ሰዎች፣ ዐይናቸውን ከድነው ውኃውን በመዳፍ ያሳርፉ፤ ሲያደርቁም ፎጣውን ወይም ነጠላውን ሳይፈትጉ ነካ ነካ ያድርጉ። ሌንስ ከወለቀ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ደቂቃ ማሳከኩ የሚያይልበት ስለሆነ፣ ቀዝቃዛው ጨርቅ ከማውለቁ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ታማሚው ልጅ ሲሆን ቁጣ አይሠራም፤ ተደብቆ ማሸት ብቻ ያስተምራል። ከልጁ ጋር አንድ ምልክት ይስማሙ፣ ለምሳሌ እናት የራሷን ጆሮ ስትነካ እርሱ እጁን ኪሱ እንዲከት፤ መምህሩም ምልክቱን እንዲያውቅ ይሁን። ሕመሙ በልጅነት ሲጀምር ፈጥኖ የመባባስ ጠባይ ስላለው ወላጅ ምርመራውን ለነገ ማለት የለበትም።

ሕመሙን ለማቆም የሚሰጠው ክሮስ ሊንኪንግ የተባለ ሕክምና፣ ራይቦፍላቪን የተባለውን የቫይታሚን ቢ ዓይነት ኮርኒያው ላይ እየጨመሩ በአልትራቫዮሌት ጨረር ቃጫዎቹን የሚያጠነክር ነው። አብዛኛውን ጊዜ መባባሱን ይገታል፤ ያም ሆኖ ከሕክምናው በኋላ ማሸቱን የቀጠለ ሰው ሕመሙ እንደገና ሊራመድበት ይችላል። ኮርኒያ የተተካለት ሰውም ቢሆን፣ ስፌቱና የተጋጠመው ጠርዝ ለዓመታት ጥንቃቄ ስለሚሹ፣ ከዚህ ምክር ነፃ አይደለም።

በድንገት የአንድ ዐይን ዕይታ ደመና ከለበሰ፣ ሕመምና ብርሃን መፍራት ከተከተለ፣ በሳሳው ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በሌላው ጊዜ ደግሞ ሐኪምዎ በወሰነው ቀጠሮ የኮርኒያ ቶፖግራፊ፣ ማለትም የኮርኒያውን ቅርጽ የሚያሳይ ምስል ሲነሡ ቅጂውን ለራስዎ ይጠይቁ፤ ከዚያ የቀደመውን ምስል ከአዲሱ ጎን አስቀምጠው፣ በሁለቱ ቀኖች መካከል የያዙትን የቆጠራ ወረቀትም ጨምረው ለሐኪምዎ ያሳዩ።