ነጩ ፈትል ላይ የሚቀረው ጥላ፦ በውሃ የሚሟሟ የንድፍ ወረቀት ችግርና መፍትሄ

ንድፍ አትመንበት፣ ጨርቅ ላይ ለጥፈነው፣ ከላዩ ከጠለፍን በኋላ በውሃ ሟሙቶ የሚጠፋው ወረቀት እጄ ከገባ ወዲህ ካርቦን ነክቼ አላውቅም። የሀበሻ ቀሚስ ደረት ላይ መስቀል በካርቦን የገለበጠ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። እጅ በተደገፈ ቁጥር ሰማያዊው ይፋቃል፣ ነጩ ይቆሽሻል፣ ክር ያልሸፈነው መስመር ደግሞ ታጥቦም አይለቅም። በዚህኛው ግን የላሊበላ መስቀል ከነሐረጉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ አልመጣጠን ብሎኝ ስሰርዝና ስደልዝ የማመሸው ነገርም ቀርቷል።

ስለዚህ ወረቀቱን አልወቅስም። የሚያናድደኝ ሰው ሦስት ሳምንት ዓይኑን አፍስሶ የጠለፈውን ቀሚስ በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ሲያበላሸው ማየት ነው። «አድኚልኝ» ተብሎ የሚመጣልኝ ልብስ አብዛኛው የደረሰበት ጥፋት አንድ ዓይነት ነው። እሱን በሰፊው እጽፋለሁ፣ ሌላውን ባጭሩ። አለጣጠፉንና አጠላለፉን ታውቁታላችሁ ብዬ ነው፤ የማወራውም ስለ እጅ ጥልፍ ነው።

ወረቀቱ ማተሚያ ውስጥ ቀለጠ ወይም ተጠቀለለ

ያተማችሁት በሌዘር ማተሚያ ነው። ሌዘር ጥቁሩን ዱቄት ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ሮለሩ ከ150 ዲግሪ በላይ ይግላል። የእኛ ሉህ ደግሞ ከጀርባው ሙጫ አለው። ሙጫው ይለሰልሳል፣ ሉሁ ከሽፋኑ ይላቀቃል፣ ሮለሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ከዚያ የማሽኑ ባለቤት ዕዳ ውስጥ ይከታችኋል። ኮፒ ቤት ያለው ማሽን ብዙውን ጊዜ ሌዘር ስለሆነ ሉሁን ከመስጠታችሁ በፊት ተራ ወረቀት ላይ አንድ ገጽ አሳትሙና ወዲያው ንኩት። ሞቅ ካለ ሌዘር ነው፣ ሉሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሳይቀልጥ ቢያልፍም አትደሰቱ። የሌዘር ቀለም የላስቲክ ዱቄት ነው፣ በውሃ አይሟሟም፤ ወረቀቱ ሲጠፋ እሱ ክሩ ሥር እንደ ጥቀርሻ ይቀራል። አንዲት ልጅ እንዲህ የታተመ ሉህ ይዛ መጥታ «እትዬ፣ ይሄ እንዲያውም ይሻላል፤ ልጁ ቀለሙ በውሃ አይለቅም ብሎኛል» አለችኝ። ልጄ፣ እንዲለቅ አይደል እንዴ የምንፈልገው! በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ ማተሚያ ያለው ሰው ፈልጉ፤ ሉሁንም አንድ በአንድ አስገቡ።

ደረትና ጀርባው አልገጠመም

ሉሁን ብዙ ጊዜ የምናገኘው ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ሲልክልን ነው፤ ልኩም የአሜሪካ ነው፣ 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር። እኛ ጋ ማተሚያው ሁሉ የተስተካከለው በኤ4 ነው፣ 21 በ29.7። ኮምፒዩተሩ ንድፉን ከገጹ ጋር ላስማማ ሲል ያሳንሰዋል፣ አለዚያ ግርጌውን ይቆርጠዋል። የደረቱን ዛሬ፣ የጀርባውን በሳምንቱ ሌላ ቤት ያሳተመ ሰው ሁለት የማይመሳሰሉ መስቀሎች ይዞ ይቀራል። የወረቀቱን ልክ «ሌተር»፣ መጠኑን 100 ፐርሰንት አስደርጉ፤ መጀመሪያ ተራ ወረቀት ላይ አሳትማችሁ በማስመሪያ ለኩ። ንድፉን መገልበጥ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ የሚለጠፈው በጨርቁ ፊት ነው።

ታጥቦ ሲደርቅ ጥልፉ ዙሪያ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ቀረ

ዋናው ይህ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ወረቀቱ ፎርጅድ ነው» ነው። አይደለም። ወረቀቱ የሚሠራው ፖሊቪኒል አልኮሆል ከሚባል ነገር ነው፤ በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ ከነከረጢቱ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚጣለው ፈሳሽ ሳሙና፣ ያ የሚሟሟ ከረጢቱ ማለት ነው። ውሃ ሲነካው ወዲያው አይጠፋም። መጀመሪያ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። የታተመው ቀለም በሙሉ ያለው እዚያ ዝልግልግ ውስጥ ነው። ዝልግልጉ በውሃ ተጠርጎ ካልሄደ ቀለሙን ይዞ ፈትሉ ውስጥ ይሰርጋል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ደግሞ ያገኘውን ይጠጣል፤ የፋብሪካ ጨርቅ ላይ የማይታይ ቀለም ፈትል ላይ ይታያል።

የማሸጊያው መመሪያ የተጻፈው ቧንቧው ቀን ከሌት ለሚፈስለት ሰው ነው። «ውሃ ውስጥ አጥቡት» ይላል፣ አለቀ። እኛ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ስለዚህ ሰው የሚያደርገው ሳፋ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጎ፣ ቀሚሱን ጠቅልሎ ነክሮ፣ «በደንብ ይሟሟ» ብሎ ማሳደር ነው። ቀሚሱ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ ቀለምና ሙጫ ውስጥ ተኝቶ ያድራል። ጠዋት ወረቀቱ የለም፤ ጨምቆ ያሰጣዋል። እርጥብ እያለ ጥላው እምብዛም አይታይም። ፀሐይ ሲያገኘው ብቅ ይላል።

ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው የመጣልኝን ቀሚስ አልረሳውም። ደረቱ ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈ የአክሱም መስቀል፤ ስፌቱ ጠጋ ጠጋ ያለ፣ ከኋላ እንኳ ቋጠሮ የማይታይበት የባለሙያ እጅ። መስቀሉን ግን ዙሪያውን ጭስ የከበበው ይመስላል። ሰፈራቸው ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ጠላፊዋ በአንድ ሳፋ ውሃ ነው የነከረችው፤ ያንኑ ውሃ ለነጠላውም ደገመችው፤ ነጠላው ላይ ምንም አልተለጠፈም ነበር፣ እሱም ግራጫ ሆነ። ቀሚሱን ከጀርባው ውሃ ሳንቆረቁርበት የወረደውን አሳየኋት፤ የዕጣቢ ቀለም ያለው፣ በጣት ሲነካ የሚያዳልጥ ውሃ። ካውያ ስላልነካው ዳነ። ነጠላውን ግን ሦስት ጊዜ ነው ያጠብነው።

ብዙ ውሃ አያስፈልግም፣ አጠቃቀሙ ነው። አንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትበቃለች፣ እንዲህ ከከፈላችኋት፦

ከውሃው በፊት መቀስ ይቅደም። ከጥልፉ ውጭ ያለውን ወረቀት ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ዙሪያውን ቁረጡት፣ ጨርቁን እንዳትነኩ ተጠንቀቁ። ያልሟሟ ወረቀት ቀለም አያስነካም፤ ቆርጦ መጣል ሲቻል አሟሙቶ ጨርቅ ውስጥ መስደድ ምን አመጣው? ከዚያ ቀሚሱን አትንከሩት። የተጠለፈውን ቦታ ብቻ ባዶ ሳፋ ላይ ዘርጉና ፊቱን ወደ ታች አዙሩ። የመጀመሪያውን 5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጆግ ከጀርባው ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። ከጀርባ ነው ያልኩት! ከፊት ካፈሰሳችሁ ቀለሙን ወደ ጨርቁ ትገፉታላችሁ፣ ከጀርባ ካፈሰሳችሁ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን ውሃ ወዲያው ድፉት፣ ወይ ለሽንት ቤት አስቀምጡት፤ ልብስ ግን እንዳይገባበት።

የቀረውን 15 ሊትር ሦስት ቦታ ክፈሉት። ለእጅ ለብ እስኪል አሙቁት፤ ሙጫውን የሚያወጣው ለብታው ነው። በእያንዳንዱ 5 ሊትር ጥልፉን ብቻ አምስት ደቂቃ ያህል እያንቀሳቀሳችሁ እጠቡና ድፉ። አታሳድሩ። ሥራ ጠራኝ ብላችሁ ሳፋ ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ። መጨረሻ ላይ እርጥቡን ጨርቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አድርጋችሁ እሹት፤ ካዳለጠ ገና ነው። ጨርቁ ጨርቅን ሲነካ የሚሰማው ዓይነት ሻከር ሲል ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ሳታረጋግጡ አታስጡ።

አሁን ወደ ካውያው ልምጣ። ወረቀቱ ሳይታጠብ በካውያ የተተኮሰ ጥልፍ ሲመጣልኝ ሆዴ ይባባል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይድንም። ፖሊቪኒል አልኮሆል ሲሞቅ ውስጡ ጠጠር ብሎ ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ቀዝቃዛ ውሃ አይበግረውም። ለመልስ የተሠራ ቀሚስ ነበር። የሙሽሪት አክስት «ትንሽ ተጨማዶ ነበር፣ ፎቶ ላይ እንዳያስጠላ ብዬ» አሉኝ። እጄ የሚችለውን ያህል የሞቀ ውሃ እየቀያየርኩ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠራሁበት፤ ድርቀቱ ለቀቀ፣ ግራጫው መስመር ግን አለ። በመጨረሻ መስቀሉን ዙሪያውን በሐረግ ከብቤ መስመሩን ከሥሩ ቀበርኩት። ሙሽሪት አላወቀችም፣ አክስቷ ግን ላባቸው ጠብ እስኪል ነው አጠገቤ የቆዩት። ወረቀቱ እላዩ ላይ እያለ ካውያ አታቅርቡ። ከታጠበም በኋላ የጣቱን ፈተና ሳያልፍ አታቅርቡ። ልብሱን ለሌላ ሰው ስትሰጡም ይህን ሳትናገሩ አትስጡ፤ ቤት ውስጥ ካውያ ይዞ የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም።

ህትመቱ መጥቆሩም ጥፋቱን ያብሰዋል። ብዙ ማተሚያዎች ላይ ጥቁሩ ቀለም ከሌሎቹ ይለያል፤ ፒግመንት የሚባለው ዓይነት ነው፣ ደቃቅ ዱቄቱ ክር መሃል ይሸጎጣል። ከኮምፒዩተሩ ላይ መስመሩን ቀጭን፣ ቀለሙን ስስ ግራጫ አድርጉና ቀለም በሚቆጥበው ምርጫ፣ በ«ድራፍት» አትሙ። ዓይናችሁ ካየው ይበቃል። በነጭ ወይም በወርቃማ ክር የምትጠልፉ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ በእስክሪብቶም አታድምቁት፣ የእስክሪብቶ ቀለም በውሃ አይለቅም።

ጥላው አሁን ካለባችሁስ? ካልደረቀ ገና ነውና ከጀርባው ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰሱን ቀጥሉ። ደርቆ ካውያ ካልነካው ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ንከሩት፣ ውሃውን ቀይሩ፣ ከጀርባ አፍስሱ፣ ድገሙት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይለቃል። ካውያ ከነካው ክራችሁ ቀለም እንደማይለቅ አረጋግጣችሁ የሞቀ ውሃ ሞክሩ፤ እምቢ ካለ መሸፈኛ ሐረግ አስቡ።

በረኪና አታስነኩት። ለሽንት ቤት ንጣፍ የምትጠቀሙበትን ነገር ሦስት ሳምንት የተለፋበት ልብስ ላይ እንዴት ታፈሳላችሁ? የክሩ ቀለም ይገረጣል፣ ፈትሉ ይሳሳል፣ ጥላው ደግሞ እዚያው ሊቀር ይችላል። እኔ ጋ መጥተው ምንም ላደርግላቸው ያልቻልኩት በረኪና የነካቸውን ነው።

ጥላው ቀይ ወይም አረንጓዴ ከሆነ

ወረቀቱ አይደለም፣ ክሩ ነው። «የሐር ክር» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ክር፣ በተለይ ቀዩ፣ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ከመጥለፋችሁ በፊት አንድ ስንዝር አርጥባችሁ ነጭ ሶፍት መሃል ጨፍልቁት። ሶፍቱ ከቀላ ክሩን ለባለሱቁ መልሱለት።

ጥልፉ እንደ ካርቶን ደርቆ ቀረ

ሙጫው አልወጣም። ለብ ባለ ውሃ ድገሙት። ጥልፉ ጥቅጥቅ ያለበት መሃሉ ከዳሩ ዘግይቶ ይለቃል።

መርፌው እየተጣበቀ አልሄድ አለ

ከመጠን በላይ የቀጠነ መርፌ ይዛችኋል፤ አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ውሰዱ። አልኮል በነካ ጥጥ አልፎ አልፎ መርፌውን ጥረጉት፤ ክሩንም አሳጥሩት፣ ረጅም ክር ሙጫው ላይ በተመላለሰ ቁጥር ይበላል። አልኮሉ ወረቀቱን እንዳይነካ።

ከታጠበ በኋላ ጥልፉ ዙሪያ ጨርቁ ተኮማተረ

ፈትሉ ከጥልፉ በፊት አልታጠበም። ሸማ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ጥልፉ ግን ባለበት ይቆያል፤ ስለዚህ ከሸማኔው እጅ እንደመጣ አትጥለፉት። ክብ መወጠሪያው ላይም ከመጠን በላይ አትወጥሩት፤ ሸማ ሳሳ ያለ ስለሆነ ድርና ማጉ ይሸሻል።

የወረቀቱ ጠርዝ እየተነሳ ካስቸገረ በክር ሸለል አድርጉት። መታጠብ የማይችል ጨርቅ፣ ከፋይም ይሁን ሱፍ፣ ላይ ጭራሹን አትለጥፉት።

አቀማመጥም አለ። ክረምት ላይ ሉሁ እርጥበት ይስብና ይለሰልሳል፣ ማተሚያ ውስጥም ይታጠፋል። አየር በማያስገባ ፌስታል አሽጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ሥር አስተኙት። ከንድፉ ዙሪያ ቆርጣችሁ የምታወጡትን ያልታተመ ቁራጭም አትጣሉት፤ ከዚያው ፈትል የተረፈች ብጣሽ ላይ ለጥፉ፣ የማተሚያችሁን ቀለም በስንጥር ጫፍ ንኩበት፣ በምትጠቀሙበት ክር አሥር ስፌት ጥለፉበት፣ እጠቡት፣ አድርቁት። ቀሚሱን የምትጀምሩት ያቺ ብጣሽ ደርቃ ነጭ ስትሆን ነው።