የትኛው የቡድን ሕክምና ይስማማዎታል?
በተመላላሽ ሕክምና ላይ ሳሉ «ቡድን ይግቡ» ከተባሉ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን ይጠይቁ። ለድብርትና ለጭንቀት ሐሳብንና ድርጊትን የሚያርመው ቡድን ይመረጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሰው ሆኖ በሳምንት አንዴ ለ90 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል፤ የቤት ሥራም አለው። ስሜቱ ገንፍሎ ራሱን ለመጉዳት ለሚገፋፋው ደግሞ የዲቢቲ (DBT፣ ኃይለኛ ስሜትን መግራት የሚያስተምር የንግግር ሕክምና) የክህሎት ቡድን ይሻላል፤ ሙሉ ዙሩ 24 ሳምንት ገደማ ነው። ሥልጠና እንጂ የሆድን መዘርገፊያ አይደለም፤ ለዚያ የግል ሕክምናው ጎን ለጎን ይቀጥላል።

ምስጢርን ባለሙያው በሙያው ግዴታ ይጠብቃል፤ አባላቱ ግን በቃላቸው ብቻ። ሐበሻው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገና ሲገቡ የሚያውቁት ሰው ከገጠመዎት፣ ለመሪው ነግረው ቡድን ይቀይሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ፣ ብዙዎችም ያኔ ያቋርጣሉ። ዝም ብለው ቢያዳምጡም 4 ጊዜ ይሂዱ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን የቡድኑን ቀን አይጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።